አቡጀዲ የለበሰች ክንፍ

አቶ አብዱሰመድ ሙሄ እንድሪስ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በቆቦ ገበያ ዳር ካለችው የልብስ ስፌት ሱቃቸው ተጠርተው ከከተማዋ በስተምሥራቅ ወዳለው ሜዳ ወጡ። የስፌት መኪናቸው ሥራ ከፈታ ሰንብቶ ነበር። በዚያ የረኃብ ዘመን አዲስ ልብስ የሚያሰፋ አልነበረምና፣ ከሱቃቸው የሚወጣው አቡጀዲ ሁሉ ለከፈን ሄደ። እሱም ሲያልቅ ሙታን በጆንያ ተጠቅልለው ሲቀበሩ በዓይናቸው አይተዋል።

በሜዳው ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ቆማ ነበር። ባለቤቷ ግርማይ በርሄ የተባለ የአሥመራ መካኒክ ነው። በጋራዡ ጓሮ ከእንጨትና ከጨርቅ ለገዛ መዝናኛው ሠርቷት፣ እሑድ እሑድ ሲያበርራት ኖሯል። የረኃቡን ወሬ በሰማ ጊዜ ግን መድኃኒት ሊያመላልስባት ወደ ራያ መጣ። ከዞብል ተራራ ማዶ ባለው ቆላ ተስቦ ገብቶ ነበር፤ ግመል ቀናት የሚፈጅበትን መንገድ እርሷ ከምሳ በፊት ደርሳ ትመለስ ነበር።

በዋዜማው ማታ ጥበቃው አቶ ታረቀኝ፣ የአገሩ ሰው በረቱን እንደሚያጥር ሁሉ፣ አውሮፕላኗን በግራር እሾህ ዙሪያዋን አጠሯት። ስሕተቱ ከቅንነት የመጣ ነው፤ የቆረጧቸው ቅርንጫፎች ቅጠላቸው አልረገፈም ነበር። ለምለም ነገር ካዩ የሰነበቱ በሬዎች ጎሕ ሲቀድ መጥተው አጥሩን በሉት፤ ቀጥለውም የግራ ክንፏን ጨርቅ እየላሱና እያኘኩ ቦጫጨቁት።

«አንተ ግርማይ፣ በሬ የሚበላው አውሮፕላን ነው ያመጣህልን?» አለ ከከበቡት አንዱ።

«አያ ታረቀኝን ጠይቁ! አጥር ይጠሩላት ብላቸው ድርቆሽ ከምረውላት አደሩ።»

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ግርማይ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ። «አባቴ፣ ማጣበቂያው አለኝ፤ ጨርቅ ግን የለኝም። ከአሥመራ እስኪላክልኝ ድረስ የዞብል ማዶ ሕሙማን አይቆዩልኝም።»

አቶ አብዱሰመድ የተቀደደውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «አቡጀዲ ይሆናል?»

«ጠንካራ ከሆነ ይሆናል። ማጣበቂያው ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጥረዋል።»

በከተማው የሚሸጥ አቡጀዲ አልነበረም። የቀረው አንድ ጣቃ ብቻ ነው፤ እሱም ወንድማቸው ለሐጅ በሄዱ ጊዜ በዘምዘም ውኃ አጥበው ያመጡላቸው የራሳቸው ከፈን ነበር። ሊወስዱት ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸው ወይዘሮ ራህመት ነገሩን ሰምተው ኖሮ ከፈኑ ያለበት ሳጥን ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው።

«ሰው ለሞቱ ያስቀመጠውን ለእንጨት ያለብሳል? እንደነዚያ በጆንያ ልትገባ ነው?»

«እሱን ነው የምፈራው። ወላሂ፣ ራህመት፣ ከሞቱ ይልቅ ጆንያውን እፈራለሁ።»

«እንግዲያስ ተወዋ!»

«የዞብል ማዶዎቹስ? ለእነሱ ጆንያውስ መች ተገኘና?»

ወይዘሮ ራህመት ከሳጥኑ ላይ ተነሡ።

የክንፍ ስፌት እንደ ልብስ ስፌት አይደለም። ጨርቁ ከውስጥ ካሉት የእንጨት አጥንቶች ጋር በክር መታሰር ስላለበት፣ አንዱ ከላይ መርፌውን ሲሰድ ሌላው ከታች ተቀብሎ ይመልስለታል። ከፈን ደግሞ መርፌ የማይነካው ጨርቅ ነው፤ አንዴ ከተወጋ ወደ ሳጥኑ የሚመለስበት ምክንያት የለም። አቶ አብዱሰመድ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አስገቡ። ከዚያም «ቢስሚላህ» ብለው ወጉት።

«ከታች ማነው የሚቀበለኝ?»

«እኔ ነኝ!» አሉ ወይዘሮ ራህመት ከክንፉ ሥር። «ዝም ብለህ ስደድ፤ ዓይኔን እንዳትወጋኝ ብቻ!»

ለሞት መዘጋጀት የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው። ያዘጋጁትን ለማያውቁት ሰው ሕይወት መልቀቅ ግን ከዝግጅቱ ሁሉ ይከብዳል፤ ባልና ሚስቱ ይህን ክብደት ከላይና ከታች ሆነው ተካፈሉት።

ከስፌቱ በላይ የተቀባው ማጣበቂያ በማግሥቱ ደርቆ ጨርቁ ተወጠረ። ግርማይ መድኃኒቱን ጭኖ ተነሣ፤ ዞብልን ተሻግሮ አራግፎ በሰላም ተመለሰ። እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስም በዚያችው ክንፍ ተመላለሰ።

አቶ አብዱሰመድ ሙሄ እንድሪስ በከፈናቸው የአንዲት አውሮፕላንን ግራ ክንፍ ጠግነው፣ መድኃኒት ከዞብል ማዶ ለነበሩት ሕሙማን እንዲደርስ አደረጉ።