የአክስቴ ወርቅ ጥርስ ከቢቸና እስከ ሞጣ

ቢቸና፣ ንጋት 12 ሰዓት

መናኸሪያው ገና አልነቃም። አክስቴ ይታይሽ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ቆመዋል። ከትናንት ወዲያ የፊት ወርቅ ጥርሳቸውን አስነቅለዋል፤ አሁን በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሮ ደረታቸው ሥር ተወሽቋል። ልጃቸው ለሚያገባት የሞጣ ልጅ ቀለበት ሊያሠሩበት ነው። የሙሽራዪቱ እናት «ወርቅ የሌለው ጥሎሽ ደጄን እንዳይረግጥ» ብለው ልከዋል። ልጁ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ወርቅ ከየት ያምጣ? ጥሎሹ ዛሬ ከሰዓት ይታያል፤ ቀለበቱ ካልደረሰ ሠርግ የለም።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። አጃቢ ሆኜ ነው የመጣሁት፤ ለወርቅ ያለኝን ንቀት ግን ቤት ትቼ አልመጣሁም።

ደብረ ወርቅ፣ 1 ሰዓት ተኩል

ሚኒባሱ ሞልቶ ፈሷል፤ ረዳቱ ግን «ጠጋ በሉ!» ይላል። ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ስልክ ይዟል።

«ስልክህ ውስጥም ቅንጣት ወርቅ አለ» አልኩት።

«ታዲያ ልፍታውና ላግባበት?» አለኝ።

ስለ ፈርዖኖች ነገርኩት። ያን ሁሉ ወርቅ በሰው ላብ ከምድር አስቆፍረው አወጡ፤ ሲሞቱ ደግሞ ይዘውት ምድር ገቡ። የከንቱ ከንቱ! አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ሲገበያዩ ቢያንስ ወጣቸው ይጣፍጥ ነበር።

«አንተ ልጄ» አሉ አክስቴ ከነጠላው ሥር፣ «ጨው ጣት ላይ ይታሰራል?»

መኪናው በሙሉ ሳቀብኝ።

ጉንደ ወይን፣ 3 ሰዓት

አቧራ ጠጥተን ለቁርስ ወረድን። ከጎናችን ሁለት ነጋዴዎች ጥብስ ይቆረጥማሉ። አክስቴ የራሰ ፍርፍር አዘዙ፤ ሌላ ማኘክ አይችሉም።

«እናቴ፣ ምነው አፍዎን ሸፈኑ? አመመዎት?» አለች አስተናጋጇ።

«አቧራው ነው፣ ልጄ።»

ተናደድኩ። ያን ጥርስ ያስተከሉላቸው ሟች ባላቸው ናቸው፤ ሁመራ ሰሊጥ አጭደው በተመለሱበት ዓመት። አክስቴ ሲስቁ ገበያው ዞሮ ያያቸው ነበር። አሁን ለማያውቋት ሴት ጣት ብለው ሳቃቸውን ሸጡ። እንዲህ ያለውን ወግ ማን እንዳመጣብን አላውቅም፤ ያመጣው ሰው ግን ጥርሱ ሙሉ እንደነበር እገምታለሁ።

ሞጣ፣ 5 ሰዓት

አንጥረኛው ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ጥርሱን ጥቁር ድንጋይ ላይ አሸት አድርገው አሲድ ጠብ አደረጉበት። ቢጫው መስመር አልጠፋም።

«ወርቅ ነው። ግን ትንሽ ነው፤ ቀጭን ቀለበት ይወጣዋል።»

«ጠፈርተኞች የራስ ቁራቸውን የፊት መስታወት ስስ ወርቅ ያለብሱታል፤ ፀሐይ እንዳያቃጥላቸው» አልኳቸው። «የወርቅ ሥራ ማለት እሱ ነው።»

«የኔ ደንበኞች ሙሽሮች ናቸው» አሉና ወናፉን ነፉ።

ሠላሳ ዓመት በርበሬና ሎሚ ያልበገረው ጥርስ ከሰሉ ላይ ወዲያው ቀለጠ። አክስቴ ፊታቸውን አዞሩ። ቀለበቱ ሲወጣ ከክር ብዙም አይወፍርም።

ሞጣ፣ 9 ሰዓት

ዳሱ በዘመድ ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ልብሱን፣ ጫማውን፣ ጥላውን እያነሱ አሳዩ። በመጨረሻ ቀለበቱ ወጣ። የሙሽራዪቱ እናት በሁለት ጣታቸው ወደ ብርሃን አነሱት።

«ይቺ ናት? ነፋስ ይወስዳታል እኮ!»

አሉና ሳቁ። አክስቴ መሬት መሬቱን አዩ። ፈርዖኖቹን ከነመቃብራቸው እናትየው ላይ ላወርድ ተነሣሁ።

ሙሽራዪቱ ቀደመችኝ። ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ልጅ ናት፤ ገና ሳያት ወርቁን ያስጠየቀችው እሷ ናት ብዬ ፈርጄባት ነበር። ቀለበቱን ከእናቷ እጅ ወስዳ ጣቷ ላይ አጠለቀችው።

«እማ፣ ከየት እንደመጣ እጮኛዬ ነግሮኛል» አለች። «እኔ ወርቅ አምጡ አላልኩም። ካነሰሽ ያንቺን ጥርስ አስነቅይና ጨምሪበት።»

እናትየው ከንፈራቸውን ገጠሙ፤ እኔም ያዘጋጀሁትን ንግግር ዋጥኩት። እልልታውን የጀመሩት አክስቴ ናቸው፣ አፋቸውን ከፍተው።