የሾፌሯ ጠረጴዛ

ሰፈሩ ሁሉ «ሾፌሯ» ነው የሚላት። የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ያንን ረጅም አውቶቡስ በጠባብ መታጠፊያ ስታዞረው ያየ ሰው እጁን አፉ ላይ ይጭን ነበር። ድምጿም ከጡሩምባው አይተናነስም። ጡረታ ስትወጣ ቁልፉን አስረከበች እንጂ ድምጿን ማን ይቀበላታል!

እንጀራዋ መሪ ላይ ይሁን እንጂ ነፍሷ ያለችው እንግዳ ላይ ነበር። እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ ቤቷ ይሞላል። እህት ወንድም፣ የድሮ የሥራ ባልደረባ፣ ጎረቤት፣ የጎረቤት እንግዳ፣ አድራሻ ጠፍቶት ሊጠይቅ በር ያንኳኳ መንገደኛ ሳይቀር ይገባል። ከሳሎኑ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ረጅም ጠረጴዛ አላት። ባሏ መካኒክ ነው፤ ከጋራዥ የተጣለ የጭነት መኪና ሳንቃ ለቅሞ፣ ልጎና አለስልሶ፣ የብረት እግር ተክሎ የሠራላት ነው። ሰው ሲበዛ ሾፌሯ ጫፉ ላይ ትቆምና «ጠጋ ጠጋ በሉ! ወደ ኋላ ግቡ፣ ቦታ ሞልቷል!» ትላለች። ቦታ ግን የለም። ቢሆንም ሁሉም ይቀመጣል።

ምግቧ የተለየ ሆኖ አይደለም። ድንች፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ዳቦ፤ ያው ማንም ቤት የማይጠፋ ነገር ነው። እሷ ቤት የተቀመጠ ሰው ግን ቶሎ አይነሳም። የተኳረፉ ሰዎች ከመጡ ጎን ለጎን አስቀምጣ አንድ ሳህን ትሰጣቸዋለች። «ኩርፊያችሁን ከጫማችሁ ጋር በር ላይ አውልቁት፤ ስትወጡ ከፈለጋችሁ ታደርጉታላችሁ» ትላቸዋለች። ሲወጡ የሚያስታውሰው የለም።

አንድ ጠዋት ታዲያ ጫማዋን ልታስር ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ደም ግፊት ኖሯል። ከሆስፒታል ስትመለስ ቀኝ እጇ እንደ ሌላ ሰው እጅ ጎኗ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እግሯን በከዘራ ትጎትታለች። ከሁሉም የባሰው ምላሷ ነው። አሳቧ ጥርት ያለ ነው፤ ቃሉ ግን ተሳስቶ ይወጣል። ጨው ልትል ሳሙና፣ በር ልትል ጃንጥላ ትላለች። ያን ያህል አፍ የነበራት ሴት!

ሰው መምጣቱን አልተወም፤ አመጣጡ ግን ተለወጠ። በሹክሹክታ ይገባል፤ ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ የያዘውን ምግብ አስቀምጦ፣ «አይዞሽ» ብሎ፣ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ይወጣል። ያ ቀልደኛው ባለሱቅ፣ ሲስቅ ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጠው ሰውዬ፣ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሾፌሯ ይሄን ስታይ በሆዷ፣ «ሳልሞት ለቀስተኛ መጣልኝ» ትላለች። በአፏ ብትለው ምን ሆኖ እንደሚወጣ ስለማታውቅ ዝም ትላለች።

ይሄን ሥርዓት ያወጣችው ታናሽ እህቷ ናት። ነርስ ናት፤ ስለ ሾፌሯ ጤና የምትለውን የሚያስተባብል የለም። «እትዬ ዕረፍት ነው የሚያስፈልጋት። ጫጫታ የለም፣ እንግዳ ማብዛት የለም፣ ምድጃ አጠገብ መድረስ የለም» ብላ በየቤቱ ነገረች። በክፋት አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ አልጋዋ ሥር ቁጭ ብላ ያደረች እሷ ነች።

አንድ ቀን ሾፌሯ የእጅ እንቅስቃሴ የሚያሠሯት ሐኪም ቤት ውላ ስትመለስ ሳሎኑ ባዶ ሆኖ ጠበቃት። ጠረጴዛው የለም። ወለሉ ላይ የእግሮቹ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል።

«አውቶቡሴስ?» አለች።

ባሏ ግራ ገባው። «የቱ አውቶቡስ?»

በከዘራዋ ጉድጓዶቹን መታ መታ አደረገቻቸው። «አውቶቡሴ! አውቶቡሴን!»

ገባው። ዓይኑን ሰበረ። «በከዘራ ስትሄጂ እንዲመችሽ ብለን ነው እናቴ። እህትሽ ወሰደችው። ከእንግዲህ እሑድ የሚሰበሰበው እሷ ቤት ነው፤ አንቺም ትሄጃለሽ። አየሽ፣ ቤቱ እንዴት እንደ ሰፋ!»

«ሰፋ» ሲላት ቆሽቷ አረረ። ወንበር ስባ ባዶው መሃል ላይ ቁጭ አለች፤ እስኪመሽ ድረስ ከዚያ የሚያነሳት አልተገኘም።

እሑድ ደረሰ። የእህቷ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ነርሷ ደከመኝ ሳትል ደግሳለች፤ ቤቱ ያበራል፤ የሾፌሯ ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ ለብሶ መሃል ቆሟል። ሾፌሯን ግን ጥግ ላይ ያለ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ትራስ ከጀርባዋ፣ ፎጣ ከአንገቷ ሥር፣ ትንሽ ሳህን ከጭኗ ላይ አደረጉላት። ድንቹን ሳይቀር ቆራርጠውላታል። ሌላው ሰው ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጦ፣ እሷን እንዳይረብሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይበላል።

ነርሷ ጎንበስ ብላ፣ «እትዬ፣ ላጉርስሽ?» አለቻት።

ሾፌሯ ፎጣውን ከአንገቷ መንጭቃ ጣለች። ከዘራዋን ተመርኩዛ ተነሳች። የእህቷ ባል ሊደግፋት ብድግ ቢል ክንዱን ገፋችው። ጠረጴዛው ጋ ደርሳ በደህናው እጇ ሳንቃውን ጧ! አደረገችው።

«አውቶቡሱ ይነሳል» አለች። «ወደ ቤቱ። መብላት የፈለገ… ይሸከም።»

አንዳንዱ፣ አእምሮዋም ተነካ እንዴ ብሎ ተያየ። ነርሷ ብቻ ወዲያው ገባት። «ምን ማለትሽ ነው? ሰው እየበላ?»

«ይሸከም!»

ባሏን ትኩር ብላ አየችው። መካኒኩ ጎርሶ ነበር። የጎረሰውን ዋጠ። ከዚያ ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከና ከኪሱ መፍቻ አወጣ፤ መካኒክ ለድግስ ሲሄድ እንኳ ከመፍቻው አይለይም። የጠረጴዛውን እግር ብሎን መፍታት ጀመረ።

«አብዳችኋል?» ነርሷ ጮኸች። «ግፊቷ ከፍ ቢልስ? ማነው ኃላፊነት የሚወስደው?»

ባለሱቁ ሳህኑን ይዞ ተነሳ። እሷ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ የድሮ ሳቁ አመለጠው። «እኔ ኃላፊነት አልችልም» አለ፤ «ድስቱን ግን እይዛለሁ!»

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው። ሳንቃውን አራት ሆነው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ሌላው የብረት እግሩን፣ ሌላው ወንበር፣ ሌላው የዳቦ ቅርጫት ያዘ። ሾፌሯ ፊት ፊት እየመራች፣ ግራ እግሯ እየተራመደ ቀኟ እየተጎተተ፣ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ወጡ። የሰፈሩ ሰው መስኮት ከፍቶ ያያል። የታክሲ ሾፌር ከኋላቸው ደርሶ ጡሩምባውን አንባረቀው። «መንገድ ልቀቁ! ምን ዓይነት ጉድ ነው?»

ሾፌሯ ዞር አለች። ከዘራዋን አነሳች። «ጡሩምባው ላይ ከምትተኛ ፍሬኑን ያዝ! መንጃ ፈቃድህን ከሱቅ ነው እንዴ የገዛኸው?»

አንድም ቃል አልተሳሳተም። ለስንት ዘመን መሪ ላይ ሆና ስትለው የኖረችው ነገር እንደ ውኃ ወረደላት። ሸካሚዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። መካኒኩ የያዘውን ብረት ጥሎ መሃል መንገድ ላይ በእጁ ፊቱን ሸፈነ። እሷ ግን፣ «ሂዱ እንጂ! ምን ይገትራችኋል?» ብላ ቀደመቻቸው። ይቺም አልተሳሳተችም።

ያን ቀን ሾፌሯ ቤት እንደ ድሮው ተበላ። ነርሷ ግን ቤቷን ዘግታ ቀረች።

በማግስቱ የግፊት መለኪያዋን ይዛ መጣች። ሰላምታም አልሰጠች፤ መለኪያውን የእህቷ ክንድ ላይ ጠቅልላ ነፋችው። ሁለቱም የመለኪያውን ጠቋሚ አዩ።

«እንዴት ነው?» አለ መካኒኩ ከበሩ።

«ከኔ ይሻላል» አለች ነርሷ፤ እንዲህ እንዳለች እንባዋ መጣ። «አሳፈርሽኝ እትዬ። በሰው ፊት አዋረድሽኝ። ዕድሜ ልኬን እዚህ መጥቼ ሳህን ሳጥብ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን እንኳ ሰው እኔ ቤት ቁጭ ብሎ ቢስቅ ምን ነበረበት?»

ሾፌሯ ይሄን ሰምታ አታውቅም። የእህቷን እጅ አየች፤ ያ እጅ በዚያ ሁሉ እሑድ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ እንደነበር አሁን ነው ያስታወሰችው። ረጅም ጊዜ ቃል ፈለገች።

«ጃንጥላሽን ክፈቺዋ» አለች በመጨረሻ። «ማን ከለከለሽ? የኔን ግን… አትዝጊብኝ።»

ነርሷ ሳቅም ልቅሶም ባልሆነ ድምፅ፣ «በርሽን ማለትሽ ነው» አለች።

«እሱን።»

በዚያ ሳምንት ሾፌሯ ራሷ ልትደግስ ተነሳች። ማንም እንዳይረዳት ከለከለች። መካኒኩ ብቻ፣ አንድ ቁራጭ ሳንቃ ላይ ረጅም ሚስማር መትቶ አመጣላት፤ ድንቹን ሚስማሩ ላይ ሰክታ በአንድ እጇ ላጠች። ከማለዳ ጀምራ እስከ ቀትር ደከመች። ድንቹ ልጣጩ ሙሉ በሙሉ አልተነሳም፤ ሽንኩርቱ አንዱ የጣት ያህል፣ አንዱ የሰናፍጭ ያህል ሆኗል። እንግዳው ሲገባ ይቅርታ አልጠየቀችም።

ሁሉም ተቀምጦ ሳለ የምስሩን ድስት በግራ እጇ አንጠልጥላ ከማድ ቤት ወጣች። ጠረጴዛው ጋ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት እግሯን ምንጣፉ ያዘው። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ ድስቱ ግን አመለጣት። ምስሩ ወለሉን አለበሰው።

ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ነርሷ ጨርቅ ፍለጋ ሮጠች። የባለሱቁ እጅ ሳያስበው ወደ ኮፍያው ሄደ። ሾፌሯ እንደዚያች ሰዓት አፍራ አታውቅም፤ መኝታ ቤት ገብታ በሯን ብትዘጋ ደስ ባላት። ግን ፊታቸውን አየች። ያው ሹክሹክታ ተመልሶ እየመጣ ነበር።

«ተቀመጡ!» አለች።

ማንም አልተቀመጠም።

«ተቀመጡ አልኩ! የወደቀው ምስሩ ነው። እኔ… አልወደቅሁም።»

አንድ በአንድ ተቀመጡ። እሷ ጨርቁን ከእህቷ እጅ ነጥቃ መሬት ጣለችው፤ በደህናው እግሯ ረግጣ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ቀስ እያለች ወለሉን ጠረገች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ሁሉም ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ መጠበቅም ለካ ከባድ ሥራ ነው። ስትጨርስ ጫፍ ላይ ያለው ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች።

«ድንች አለ» አለች። «ዳቦ አለ። ሳሙናም አለ።»

ባለሱቁ የጨው ዕቃውን አንስቶ ድንቹ ላይ ነሰነሰ። «እኔ ደግሞ ሳሙና ሲበዛበት ነው የምወደው!» አለ። መጀመሪያ የሳቀችው ሾፌሯ ናት፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ተከተለ። ልጣጭ ያለበትን ድንች ከነልጣጩ በሉት። አንድ ጎረቤት እንዲያውም ሁለት ጊዜ ጨመረ።

ሳህኖቹ ባዶ ሲሆኑ ነርሷ ልትሰበስብ ከወንበሯ ተነሳች። ሾፌሯ በከዘራዋ ጫፍ የእህቷን ቀሚስ ያዘች፤ በዓይኗም ወንበሩን አሳየቻት። ነርሷ መልሳ ተቀመጠች። ከማድ ቤት፣ መካኒኩ እጅጌውን ሰብስቦ ሳህን ሲያንኳኳ ይሰማል። ነርሷ እጇን ምን ላይ እንደምታሳርፈው ቸግሯት ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ባለሱቁ የጀመረውን ወሬ ማዳመጥ ያዘች።