የስለቴ ቲማቲም

ባለፈው ሳምንት ከጓሮ በኩል የተከራየችው ሙሽራ አንድ ያልበሰለ ቲማቲም በመዳፏ ይዛ መጣች። ከላይ ሲያዩት ያምራል። ገልብጣ ስታሳየኝ ግርጌው ጠቁሮ እንደ ቆዳ ደርቋል።

«እትዬ፣ ይሄ ምን በሽታ ነው? መድኃኒት ልግዛለት?»

«በሽታ አይደለም። አንድ ቀን ውሃ ታበዢበታለሽ፣ ከዚያ ትረሺዋለሽ። ጥቂት ጥቂት፣ በየቀኑ አጠጪው። የሚቀጥለው ደህና ይሆናል።»

«አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

«ጠቁሮብኝ ነዋ!» አልኳት። ሳቀች። እሷ ከሄደች በኋላ ግን በሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ፤ ምሳ ሳልሠራ ልጄ ከትምህርት ቤት ገባች።

የእኔ በጠቆረብኝ ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ብዙ ዘመን አላለፈም፤ ልጄ ገና ሰባት ዓመቷ ነው። ወጣትነቴን ሳስብ ግን የማስበው ያንን በጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ወጣት የሆንኩ አይመስለኝም።

ጅጅጋ ውስጥ፣ ኤዶ ሆዳን በምትባል ሶማሌ ሴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እኔ፣ ባለቤቴ ሰለሞንና ገና የምትጠባ ልጃችን። «ኤዶ» አክስቴ እንደማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይጠራታል። እሷ ደግሞ እኔን «አባዮ» ትለኛለች፤ እህቴ ማለቷ ነው። ሰለሞን ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ያን ዓመት ሥራው ቀዝቅዞ ቤት መዋል አብዝቶ ነበር።

ቲማቲም ከካራማራ ማዶ በመኪና ተጭኖ ነው የሚመጣልን፤ በጾም ሰሞን ደግሞ ይወደዳል። ስለዚህ በጥቅምት አንድ በደንብ የበሰለ ጨምቄ ፍሬውን ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አቆየሁት። ዝልግልጉ ሲለቅ አጥቤ በጨርቅ ላይ አደረቅኩት። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አፈር ሞልቼ ዘራሁ፤ በቀለ። ደስ ብሎኝ ጧትም ማታም አጠጣሁት። አንገቱ ቀጠነ፣ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በሰበሰ፣ ችግኙ ሁሉ አንድ በአንድ ተኛ።

ሰለሞን ሳቀብኝ። «ዋና ነው እንዴ የምታስተምሪያቸው?» አለኝ። ከዚያ ሚስማርና መዶሻ አምጥቶ ውሃው መውጫ እንዲያገኝ የጣሳዎቹን ታች በሳሳ። ሁለተኛውን ዘር አብረን ዘራን፤ አራርቀን፣ የጧት ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር። ሲያድጉ እሱ የዘይት ጀሪካን እየቆረጠ፣ እኔ ግንዳቸውን እስከ ቅጠላቸው ድረስ አፈር እያለበስኩ አዛወርናቸው። የቲማቲም ቅጠል ሽታ ከእጅ ቶሎ አይለቅም። የዚያን ዕለት ልጄን ሳጠባ እጄን እያሸተተች ታስነጥስ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰለሞን «ሐርጌሳ ሥራ አለ» አለኝ። የገና ጾም ነበር። የበጋው ነፋስ አቧራውን ሲያስነሳ፣ ጧት ወደ ድንበሩ፣ ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። ልጃችንን ግንባሯን ሳማት። እኔን ሰው ፊት ስላፈረ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

ሐርጌሳ ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ከማላውቀው ቁጥር ደወለ። ከበስተኋላው የብዙ ወንዶች ድምፅና ነፋስ ይሰማል።

«ባሕሩ ጋ ነኝ» አለኝ።

«የምን ባሕር?»

«አትጩኺ። ታህሪብ ነው፤ ሁሉም እየሄደ ነው። ሳዑዲ ስገባ እደውላለሁ።»

ታህሪብ እኛ ጋ ሕፃን የሚያውቀው ቃል ነው፤ ያለ ወረቀት ተደብቆ ድንበርና ባሕር ማቋረጥ።

«ሰለሞን፣ ተመለስ። ሽሮ እየበላን እንኖራለን።»

«ሽሮውስ ከየት ይመጣል?» ብሎ ሳቀ። «በይ ቲማቲሞቹን ዋና አታስተምሪያቸው።» መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝግ ሆነ።

ሰው ሲጨንቀው ይሳላል። ጃንጥላ የሚሳል አለ፤ ጧፍ የሚሳል፣ መጋረጃ የሚሳል አለ። እኔ ከቲማቲሞቹ በቀር የራሴ የምለው ነገር አልነበረኝም። አበባ ማውጣት ሲጀምሩ ፊታቸው ቆሜ፣ «እመቤቴ፣ ድምፁን አሰሚኝ እንጂ የመጀመሪያውን ፍሬ ማንም ሳይቀምሰው፣ ነውር የሌለበትን፣ ላንቺ አመጣለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ከዚያ አበባው ፍሬ እንዲይዝ ቅርንጫፉን በቀስታ አወዛወዝኩት። ያዘ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የመጀመሪያው ፍሬ አድጎ ነበር። ሊቀላ ሲል ግርጌው ጠቆረ። ቆርጬ ጣልኩት። ሁለተኛውም ጠቆረ፤ ከእሱ በኋላ ያለውም። አንዲት ጎረቤት «የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተሽ ጨምሪበት» አለችኝ፤ በጾም እኔ ቤት እንቁላል ከየት ይመጣል? ፍሬ በጠቆረ ቁጥር ልቤ አብሮ ጠቆረ። እመቤቴ ስለቴን እየመለሰችብኝ ነው አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ሲመሽ ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌ እተኛለሁ፤ ሲነጋ ፍሬውን ገልብጬ አያለሁ።

አንድ ቀን ኤዶ ሆዳን የጣልኩትን ከመሬት አነሳችው።

«አባዮ፣ ይሄ እኮ ይበላል። ጥቁሩን ቁረጪና ብዪ።»

«አይሆንም፣ ለማርያም የተሳልኩት ነው። ነውር ያለበት አይሰጥም።»

«መርየምን እኛም እናውቃታለን» አለች። «የታመመ አይታ የምትሸሽ ሴት ናት?»

እሷ ጣቷን ጀሪካኑ ውስጥ ሰደደች። «ደርቋል። በቀደም ጭቃ ነበር። ምን እያደረግሽው ነው?»

ምን እንደማደርገው ሳስበው ገባኝ። አንድ ሰው «ከሳዑዲ የደወሉ ልጆች አሉ» ያለኝ ቀን ተነሥቼ ግቢውን እጠርጋለሁ፣ ልጄን አጥባለሁ፣ በአህያ ጋሪ የመጣውን ውሃ ሳልሳሳ አፈስላቸዋለሁ። ወሬው ውሸት ሲሆን ደግሞ ተጠቅልዬ እተኛለሁ። ልጄን ከማጥባት በቀር አልነሣም፤ ቲማቲሞቹም እስከሚቀጥለው ወሬ ድረስ ይጠማሉ።

ኤዶ ሆዳን አልተቆጣችኝም። ከማግስቱ ጀምሮ ከጧት ስግደቷ በኋላ እሷ ታጠጣቸው ጀመር፤ በጣሳ፣ ቅጠሉን ሳታረጥብ፣ ከሥሩ። የቀን ፀሐይ አፈሩን እንዳያደርቀው ገለባ አለበሰችው። ከዚያ ወተት የበዛበት ሻሂ ይዛ ትመጣና እኔ በጾሜ እንደማልጠጣው ሲታወሳት፣ «ወይኔ፣ ዛሬም ረሳሁ!» ብላ ራሷ ትጠጣዋለች። የምትረሳው ሆን ብላ ይመስለኛል፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ለመቀመጥ።

በልጅነቷ ሐርተሼክ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነበረች፤ ውሃ በቦቴ ይመጣላቸው ነበር። «ቦቴው የመጣ ቀን እናቴ ጠግበን እንድንጠጣ አትፈቅድም» አለችኝ። «አባቴን እየጠበቅን ነበር እዚያ የተቀመጥነው።»

«መጣ?»

«አልመጣም» አለች። «ውሃችንን ግን ትለካ ነበር።»

ሆሳዕና ሊደርስ ሲል አንድ ፍሬ ቀላ። ገልብጬ አየሁት። ንጹሕ ነው።

መደሰት ነበረብኝ፤ እጄን ከቅርንጫፉ መለስኩ። ፍሬው እየጠቆረ በወደቀበት ጊዜ ሁሉ፣ ስልኩ ያልጮኸው በዚህ ምክንያት ነው ማለት እችል ነበር። ንጹሑ ሲገኝ ይደውላል እያልኩ ነበር የቆየሁት። አሁን ፍሬው ምንም አልጎደለውም፤ ስልኩም ዝም ብሏል። የማመካኝበት ነገር አለቀብኝ። መቅጠፉን ፈራሁ። እያየሁት ደም መሰለ፣ ለሰለሰ። በመጨረሻ ኤዶ ሆዳን «ለወፍ ነው የተሳልሽው?» ስትለኝ ቀጠፍኩት።

ልጄን አዝዬ፣ ፍሬውን በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

«ስለት ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባ።»

«ደረሰልሽ?»

«አልደረሰም።»

«ታዲያ ያልደረሰ ስለት ይገባል እንዴ፣ ልጄ?»

«ከዚህ በላይ ካቆየሁት ይበሰብሳል፣ አባ።»

በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ባረኩትና ቆራርሰው በር ላይ ለተቀመጡት ነዳያን ሰጡ። የቀረችውን ቁራጭ ልጄን ከንፈሯ ላይ አስነኳት። ፊቷን አጨማደደች፤ ወዲያው ደግሞ አፏን ከፈተች።

«የሰውየውን የክርስትና ስም ንገሪኝ፣ በጸሎት አስበዋለሁ» አሉኝ።

«ወልደ ሚካኤል።»

«ከሕያዋን ጋር ነው ወይስ ከሙታን?»

የልጄ እግር ጎኔን ሲመታኝ ይሰማኛል። ከሕያዋን ብል የማላውቀውን መማሌ ነው። ከሙታን ብል በአፌ መቅበሬ ነው።

«ስሙን ብቻ ይጥሩልኝ፣ አባ» አልኳቸው።

ዛሬም አልደወለም። አብሮት የነበረ ሰውም አላገኘሁም። ጥቁር አልለበስኩም፣ ተዝካር አላወጣሁም፣ ድንኳን ተጥሎ ሰው አላለቀሰልኝም። ለቅሶ ቤት ስሄድ፣ የሟቻቸውን ሬሳ ይዘው በሚያለቅሱ ሴቶች እቀናለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አሁንም ኤዶ ሆዳን ግቢ ነኝ። ቲማቲሞቹ በደንብ ያፈራሉ፤ ጾሙን ፍትፍት እየበላን እናልፈዋለን፣ ተመስገን። ልጄ ጤነኛ ናት፣ ተመስገን። ይህን ስል ከልቤ ነው፤ ልቤ ራሱ ግን አላረፈም። ያን ዕለት፣ ምሳ ሳልሠራ በቆየሁበት፣ ልጄ ቦርሳዋን ሳታወርድ «አባቴ ሞቷል?» አለችኝ። ትምህርት ቤት የነገራት አለ።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት።

«አንቺስ?»

እጇን አስታጠብኳትና ዳቦ ሰጠኋት።

በየወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። እኚያ ቄስ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ሳልጠይቃቸው አሁንም «ወልደ ሚካኤል» ብለው ይጠሩልኛል። በየትኛው ጸሎት ላይ እንደሚጠሩት እንዳልሰማ ራቅ ብዬ እቆማለሁ።