አጎቴና ያልተበላሹት ስክሪኖች

አጎቴ የኮምፒውተር ስክሪን ጠጋኝ ነበር። «ነበር» ያልኩት ሞቶ አይደለም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

አንድ መሥሪያ ቤት ነበርን። እሱ ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር ባለች መስኮት የለሽ ክፍል፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ከሚሠሩት ጋር። ያስቀጠረኝም እሱ ነው።

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አይደል፤ እኔም ሥራ ሲቀለኝ አንዲት የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ፣ ትንሽ የኮድ ጥቅል፣ ጻፍኩ። ድረ ገጽ ላይ ስትጫን ስክሪኑን የተበላሸ ታስመስለዋለች፦ ጥቁር ነጥብ ትዘራለች፣ አረንጓዴ መስመር ታሰምራለች፣ ብልጭ ድርግም ታደርገዋለች። ሰኞ ጠዋት ለሳቅ ብዬ የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ጫንኳት።

ሰው ሁሉ ስክሪኑን ታቅፎ ወደ አጎቴ ወረደ። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆነን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አጎቴ ይፈታል፣ ገመድ ይቀይራል፣ መልሶ ይገጥማል። ከጠገነ በኋላ የሚሞክረው ደግሞ ሁልጊዜ የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ከፍቶ ነው፤ ሌላ ገጽ አያውቅም። መስመሩ እዚያው አለ። እንደገና ይፈታል።

ማክሰኞ ወሬው «ሽማግሌው አበቃለት» ሆነ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። መባረርን ፈርቼ ተውኩት።

ሐሙስ ኮዱን አጥፍቼ ወረድኩ። ክፍሉ ተቆልፏል። ለካ ረቡዕ «ዓይኔ ደክሞ ብልሽቱን መለየት ስላቃተኝ በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ደብዳቤ አስገብቷል። ሮጬ ለኃላፊው እውነቱን ነገርኩት።

«ቀልድና ብልሽት የማይለይ ጠጋኝ ምን ያደርግልኛል?» አለ። እኔን አላባረረኝም።

አጎቴ ቤት ሄጄ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ኮዱን አበራሁ፣ አጠፋሁ። መስመሩ መጣ፣ ሄደ።

«ጋሼ፣ ዓይንህ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ» አልኩት እያለቀስኩ።

መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ጎበዝ ነሽ። ቁርጥ የእውነቱን ነው የሚመስለው።»

ቢሰድበኝ በወደድኩ።

«ማክሰኞ እኮ ወርደሽ መብራት ይዘሽልኝ ነበር» አለኝ።

አዎ፣ ይዤለት ነበር። እንደገና ሊፈታ ሲል ካቻቢቴውን ያቀበልኩትም እኔው ነኝ።