በቁሜ የላከኝ ዕድር

መጀመሪያ የጀመረኝ ማዞር ነበር። በጁባ ሙቀት ማን የማያዞረው አለ? ጀበል ገበያ አጠገብ ካለችው ምግብ ቤቴ ወጣ ብዬ ቀዝቃዛ ውሃ እጠጣና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ቆይቶ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ድካም ነው ብዬ ተውኩት። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ጥቂት ሠርቼ፣ አዲስ አበባ የጀመርኩትን ፎቅ ጨርሼ፣ ከዚያ እግሬን ዘርግቼ ልቀመጥ ነበር ሐሳቤ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወደቅኩ። ስነቃ ክሊኒክ ነኝ። ኢሲጂ አነሱኝ። የልብ ምቴ በደቂቃ ከአርባ በታች ነበር። ሐኪሙ ያገሬ ልጅ ነው።

«ኮምፕሊት ኸርት ብሎክ ይባላል» አለኝ። «የልብዎ የኤሌክትሪክ መስመር ተቋርጧል። ልብን የሚያስመታ ፔስሜከር የሚባል መሣሪያ ካልገባልዎት ልብዎ ሊቆም ይችላል። እዚህ አይሠራም፣ ቶሎ አዲስ አበባ መሄድ አለብዎት። ኢንሹራንስ አለዎት?»

«ዕድር አለኝ።»

«ዕድሩ ምን ያደርግልዎታል?»

«ሬሳዬን አገሬ ይልካል።»

«ታዲያ በቁምዎ ቢልክዎት አይሻልም?»

ያለኝ ሁሉ ብረትና ሲሚንቶ ሆኗል። ለመስኮቱም ለጣሪያውም አስቤያለሁ። ለሕመሜ አላሰብኩም። ፈራሁ።

ዕድራችን ለሞተ እንጂ ለታመመ አይከፍልም ነበር። ሰብሳቢው አቶ ግርማ፣ ጁባ ጉዴሌ ሰፈር ሱቅ ያለው ቁጡ ሰው፣ ሐኪሙ ያለውን ሲሰማ አባላቱን ጠራ። ክርክር ነበር አሉ። አንዱ «ነገ ሁሉም ታመምኩ እያለ ቢመጣስ?» ብሎ ጠይቋል። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ አልተቀየምኩትም። ግርማ ግን «ሳጥን የምንገዛበት ገንዘብ አለን፣ ሳጥን እንዳያስፈልጋት የምናደርግበት የለንም?» ብሎ አፋጠጣቸው።

በማግስቱ መጥቶ አልጋዬ ግርጌ ቆመ።

«ኻላስ፣ አለቀ፣ ተስማምተናል» አለኝ። «ግን እትዬ አስናቀች፣ የሬሳዎን ገንዘብ በልተውታል። ከእንግዲህ ቢሞቱ በራስዎ ወጪ ነው!»

ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ።

አዲስ አበባ ላይ ከግራ ትከሻዬ በታች አደንዝዘው መሣሪያውን አስገቡልኝ፤ እኔም ነቅቼ የሐኪሞቹን ወሬ እየሰማሁ ነበር። ቁስሉ እስኪጠግግ ግራ እጄን ከፍ እንዳላደርግ ስለተከለከልኩ እህቴ ፀጉሬን እያበጠረችልኝ፣ እኔም አሳምመሽኛል እያልኩ እየተቆጣኋት ከረምን፤ ማዞሩ ግን ጠፍቶ፣ ቀስ በቀስ ሰፈሩን ሳላርፍ መዞር ጀመርኩ። ለክትትል ስሄድ የአዲስ አበባው ሐኪም «የመሣሪያው ባትሪ ስምንት፣ አሥር ዓመት ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ይቀየራል። ያኔ ሥራ ላይ ይሆናሉ?» ሲለኝ ነገሩ ገባኝ። ገቢዬ ሲቆም ወጪው ሊመጣ ነው።

ጁባ ተመልሼ ስሠራ ቆይቼ የዕድሩን ገንዘብ ይዤ ግርማ ዘንድ ሄድኩ። አልቀበልም አለኝ። «ለባትሪው ያስቀምጡት፣ ሁለተኛ አናዋጣም» ብሎ መለሰኝ። እንዳለኝ በስሜ ሌላ ሂሳብ ከፍቼ አስቀመጥኩት። የቤቴን ሁለተኛ ፎቅ መሥራቱን ተውኩት፤ ምድር ቤቱን አከራየሁና ኪራዩን ለመድኃኒትና ለክትትል መደብኩት። ዕድሩም ለታመመ የሚሆን ሌላ መዋጮ ጀመረ።

እንደኔ በንግድ የምትኖሩ፣ ጡረታ የማይጠብቃችሁ ሰዎች፣ የምመክራችሁ ይህንኑ ነው። ቤት መሥራት ጥሩ ነው፤ ሕመም ግን ቤቱ እስኪሸጥ አይጠብቅም። ገና ስትሠሩ፣ ለሕክምና ብቻ የሚሆን፣ ለልጅ ሠርግም ለጣሪያም የማይነካ ገንዘብ ይኑራችሁ። ሐኪማችሁን ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ያስፈልገኛል ብላችሁ ጠይቁት። ማዞርንም በሙቀት አታመካኙ።

ዘንድሮ ምግብ ቤቴን አስረክቤ አገሬ ገባሁ። ያንን የጁባ ሐኪም፣ እህቴንና ዕድርተኞቼን እግዜር ይስጥልኝ። ጁባ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ብዙዎቹ መጥተው ሸኙኝ። ሻንጣዬን ግርማ ተሸከመልኝ፤ ከበሩ በኋላ ግን ጠባቂዎቹ አላሳለፉትምና ተቀብዬው ብቻዬን፣ በእግሬ ወደ አውሮፕላኑ ሄድኩ።