ለማየት አይከፈልም

በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ ሲገፉኝ መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መስኮት ይፈልግ ነበር፣ ወይም የታሳሪዎቹን ፊት ያይ ነበር። እኔ ግን ነገሌ ቦረና ውስጥ የሊሾ ወለል እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ስለነበርኩ የትም ቤት ስገባ ዐይኔ ወደ ታች ይሄዳል። አፈር ነው። ድሮ በእበት የተለቀለቀ፣ በኋላ የተላላጠ፣ ወደ ቀኝ ጥግ ያዘነበለ አፈር። ተረከዜን መታ መታ አደረግሁበትና፣ ይሄ ተቆፍሮ ካልተደለደለ ሲሚንቶ አይዝም አልኩ በልቤ። በእስር ቤት ያሰብኩት የመጀመሪያው ሐሳብ ይኸው ነው። ዛሬም ሳስታውሰው ያስቀኛል።

የታሰርኩት አዳራሽ ስለለካሁ ነው። ዘመኑ የንጉሡ ነበር፤ ከገናሌ ወንዝ ማዶ ሰዎች ሸፍተዋል የሚባል ወሬ በየቀኑ ይመጣል፣ ሰው ሰብሰብ ብሎ ከታየ ደግሞ ፖሊስ ይደርሳል። ከገበያው በላይ የሚኖር አንድ የእህል ነጋዴ ከቤቱ ጎን ሰፊ አዳራሽ ገንብቶ ወለሉ ምን ያህል እንደሚፈጅ እንድገምትለት አስጠራኝ። ጠዋት ገብቼ ቀትር ላይ ወጣሁ። ያየ ሰው ተናገረ። በማግስቱ ሁለታችንንም ወሰዱን፣ እሱን ለብቻው፣ እኔን ከሌሎች ጋር አሰሩን።

የሚመረምረኝ መቶ አለቃ ቀጭን፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነበር። እኔን አልመታኝም። ከጎን ካለው ክፍል የሚመታ ሰው ድምፅ ይሰማኝ ስለነበር ግን አለመመታቴ ብዙም አላጽናናኝም። ነጋዴው ቤት ምን ስትሠራ ዋልክ አለኝ፤ ወለል ሳይ አልኩት። ስንት ከፈለህ አለኝ፤ ምንም አልኩት። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ትክ ብሎ አየኝ።

"ግማሽ ቀን ሙሉ ዋልክ። ሥራ አልሠራህም። አልተከፈለህም። እኔ እንዲህ ያለ ሞኝ አይቼ አላውቅም።"

የሙያችንን ልማድ ነገርኩት። ከተማ ውስጥ ከሆነ ለማየት አይከፈልም። ዱብሉቅ ወይም ሻኪሶ ድረስ የሚያስኬድ ከሆነ ባለቤቱ የመኪናውንና የቀለቡን ይችላል፤ ሥራውን ከሰጠኝ ደግሞ እሱኑ ከዋጋው ላይ አነሣለታለሁ። ግምቱን ከኔ ወስዶ ሥራውን ለሌላ የሚሰጥም ሞልቷል። ያኔ ኪሳራው የኔ ነው፣ ማንንም አልከስም። መቶ አለቃው እንደ ተረት ሰማኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አለና፣ ሰው በነፃ ግማሽ ቀኑን አይሰጥም፣ እዚያ ቤት ስብሰባ ነበር ብሎ ደመደመ። ካላመነኝ ነጋዴውም እኔም በመኪና ተጭነን ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ከተማ እንደምንሄድ ዘበኞቹ ነግረውኛል። በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው አላውቅም ነበር።

የባሰው ነገር ሌላ ነው። ወለል ስገምት ስንት ሰው እንደሚቆምበት እጠይቃለሁ፤ ነጋዴውንም ጠይቄው ነበር፣ እሱም መልሶልኛል። ሰው ተቀምጦ ስለ መሬቱና ስለ ግብሩ የሚነጋገርበት ጥላ በዚህ ከተማ የለም፣ አዳራሹን የሠራሁት ለዚህ ነው ብሎኛል። በኋላ ጊዜ ራሱ በአደባባይ የተናገረው ስለሆነ ዛሬ ብጽፈው ነውር የለውም። ያን ጊዜ ግን እኔ አንዲት ቃል ብተነፍስ ሰውየው አለቀለት።

ክፍላችን ውስጥ ከነበሩት ሁለቱን እንደ ትናንት አስታውሳቸዋለሁ። አንዱ ከዱብሉቅ የመጡ የቦረና ሽማግሌ ናቸው፣ ከብት ከግብር ደብቀዋል ተብለው የታሰሩ። ጠዋት ጠዋት "አካም፣ ናጋ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ከመስጠት በቀር ለማንም ሌላ ቃል አይናገሩም። ሌላው በቀልዱ ዘበኞቹን የሚያስመርር የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ምን ጭኖ እንደተያዘ ግን ቀልዶም አልነገረንም።

በማግስቱ መቶ አለቃው ወንበር አሸክሞ ወደ ክፍላችን መጣ። በሩ ላይ አስቀመጠው፣ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ፣ ሰዓቱን አየ።

"ይህን ክፍል ገምት። ነጋዴው ቤት እንዳደረግከው አድርግ። ምን ያህል እንደሚፈጅብህ እኔው አያለሁ።"

ለማጥመድ የመጣ መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ሰውየው ከልቡ ማወቅ ፈልጓል። ፍርሃቴ ትንሽ ቀለል አለኝ፤ መቼም ሥራዬን ማወቅ የሚፈልግ ሰው እወዳለሁ።

መጀመሪያ ውሃ ጠየቅሁ። ወለል ወዴት እንዳዘነበለ የሚታወቀው ውሃ ሲፈስበት ነው። ዘበኛው በቆርቆሮ አመጣልኝ። በጋ ነበር፣ ነገሌ ውስጥ ውሃ በአህያ ተጭኖ የሚሸጥበት ወቅት፤ ለእኛም የሚሰጠን ከንፈር የማያርስ ነበር። ቆርቆሮውን ስቀበል ሁሉም ቀና አለ። ሰዎቹ እኔን አይደለም የሚያዩት። መሬት ላይ ላፈሰው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ለሽማግሌው በሁለት እጄ አቀበልኳቸው። ተጎንጭተው ለጎረቤታቸው ሰጡ፣ ቆርቆሮው ዞሮ እኔ ዘንድ ሲመለስ ሥሩ ላይ ትንሽ ቀርታለች። እሷን አፈሰስኩ። መቶ አለቃው ሁሉንም አየ።

ውሃው እየተጥመለመለ ወደ ቀኝ ጥግ ሄደ፣ ሽማግሌው ወደሚተኙበት። እዚያ ላይ እንደማንኛውም ቤት ባለቤቱን መጠየቅ ነበረብኝ። የዚህ ቤት ባለቤት ማን ነው? መንግሥት ነው እንዳልል መንግሥት እዚህ አይተኛም። ስለዚህ ወደ ሽማግሌው ዞርኩና ቁጢጥ አልኩ።

"አባ፣ ውሃ የሚያስቸግርዎ በየት በኩል ነው?"

መቶ አለቃውን አዩ፣ እኔን አዩ። እስር ቤት ከገቡ ወዲህ ስለ ከብታቸው እንጂ ስለሌላ የጠየቃቸው አልነበረም።

"በዚህ ነው የምትመጣው፣" አሉ በግድግዳው ሥር እያሳዩኝ፣ "ባለፈው ዝናብ እኔ ተቀምጦ ነው ያደረ። ጉልበት ደግሞ እምቢ አለ።"

ጉልበታቸው የሚያማቸው በቅዝቃዜው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሌሎቹንም ራሳቸውን በየት አድርገው እንደሚተኙ፣ ባልዲው የት እንደሚቀመጥ፣ ስንሰለፍ የት ላይ እንደሚረገጥ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ያፈሩት ሳይቀሩ መናገር ጀመሩ። ሾፌሩ እንደ ቤት ጌታ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ለኔ ቀይ ሊሾ ይሁንልኝ፣ በሰም የሚወለወለው፣ እንግዳ ይመጣብኛል አለ። መቶ አለቃው ሊስቅ ሲል ከንፈሩን ነከሰ።

ጥቂት ቆይቶ ሰዓቱን አየና፣ ይሄ ሁሉ ጊዜ ሄዶ ገና አለመለካቴን ነገረኝ። ልኬቱ ቀላሉ ነው አልኩት። የማያውቁት ሰው ወለል አይገመትም፤ ፍየል የሚገባበት ቤትና አሮጊት የምትጸልይበት ቤት እኩል ሲሚንቶ አይጠይቁም። ይህን ስል ሽማግሌው ከጥጋቸው ጣልቃ ገቡ።

"እኛ ጋ ኤላ ሲቆፈር፣ የውሃ ጉድጓድ፣ መጀመሪያ ወሬ ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ያወራል፣ ያወራል። ለወሬው ከፈለኝ የሚል ሰው የለም። ሳይወራ የተቆፈረ ኤላ ግን ጠብ ያመጣል።"

መቶ አለቃው ወደሳቸው ጎንበስ ብሎ ሰማ። ቀጥሎ በቀስታ ወደ እኔ ተመለሰ።

"ነጋዴውንም እንዲህ ጠየቅከው?"

አዎ አልኩት።

"ስንት ሰው ይቆምበታል አልከው?"

"ሁሌም እጠይቃለሁ።"

"ምን መለሰልህ?"

የፈራሁት ይኸው ነበር፣ ራሴ መንገዱን ጠርጌ አመጣሁት። አላስታውስም ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ያን ሁሉ ሰዓት እውነቱን ስነግረው ቆይቼ በመጨረሻ መዋሸት አስጠላኝ።

"ጌታዬ፣ የሥራውን ሁሉ አሳይቼዎታለሁ። ሰውየው ያጫወተኝ ግን የራሱ ነው። ሥራውን ለሌላ ቢሰጥ እንኳ ይዤው አልዞርም።"

"ሳንቲም ሳይከፍልህ?"

"እኔ ጊዜዬን ሰጠሁት፣ እሱ ጉዳዩን ነገረኝ። ተካክለናል።"

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። መቶ አለቃው ውሃው ያረጠበውን መሬት አየ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወንበሩን ራሱ አንሥቶ ሄደ።

ነጋዴውን በመኪናው አልጫኑትም። የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር እንደለቀቁት ሰማሁ። እኔን ግን አቆዩኝ፤ አለመናገሬ ዋጋ አስከፍሎኛል። ዝናቡ ሲመጣ እኛ ተዘጋጅተን ነበር። ግምቱ ባክኖ አይቀርም ብለን አፈሩን በእጃችን እየቧጠጥን በግድግዳው ሥር ከፍ አደረግነው፣ ወደ በሩ የሚወስድ ቦይም አወጣንለት። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ውሃው በቦዩ ሄዶ በበሩ ሥር ወደ ዘበኛው ወጣ። ሾፌሩ ዘበኛውን ይቅርታ ጠየቀ። ሽማግሌው ያን ዝናብ ተጋድመው አሳለፉት፤ እኔ በሕይወቴ በሠራሁት ወለል እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ከተፈታሁ በኋላ ሌላ በጋ ሲገባ አንድ ጠዋት ደጃፌን የሚያንኳኳ ሰው መጣ። ያለ መለዮ ስላየሁት መጀመሪያ አላወቅሁትም። እናቴን ከአገር ቤት ላመጣት ነው፣ የቤቱን ወለል እንድታይልኝ ብዬ ነው አለ መቶ አለቃው። ቅር እያለኝም ሄድኩ። ገመዴን ዘረጋሁ፣ ውሃ አፈሰስኩ፣ ከዚያ እንደ ልማዴ መጠየቅ ጀመርኩ። እናትዎ ጤንነታቸው እንዴት ነው? ማን አብሯቸው ይተኛል? እርስዎስ ማታ ይገባሉ? ሰውየው ግድግዳውን ያያል፣ እጁን ያፍተለትላል፤ የጠያቂነት እንጂ የተጠያቂነት ልምድ የለውም።

"የነገሩኝ እዚሁ ይቀራል፣" አልኩት። "ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።"

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ያወራኝ ጀመር፤ ስለ ወለሉ ሲጀምር ስለ እናቱ፣ ስለ እናቱ ሲል በእስር ቤቱ ከጎን ስለነበረው ስለዚያ ክፍል፣ እያለ እስከ ቀትር አወራኝ። ስወጣ እጁን ኪሱ ከተተና ለድካሜ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። ለማየት አይከፈልም አልኩት።

አሁን አርጅቻለሁ። ዛሬ በሙያው ያሉት ልጆች ቤት ለማየት እንኳ አስቀድመው ያስከፍላሉ ሲባል እሰማለሁ። ደግ አደረጉ፣ የሰው ጊዜ ሜዳ ላይ የወደቀ አይደለም። እኔ ግን ልማዴን ሳልለውጥ መሣሪያዬን ሰቀልኩ። መቶ አለቃው ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠው፣ ረከስ ላለው። ያን ቀን ያወራኝን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እዚህም አልጽፈውም።