ለግራ እጅ የሚሆን ማሽን

ባለቤቴን ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ከከዳው፣ አንድ እግሩንም መጎተት ከጀመረ በኋላ ሐኪሞቹ ስለ ጨው፣ ስለ ዘይትና ስለ ኪኒን ብዙ ነገሩን። ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠራ እንደሚውል ግን የነገረን የለም። ዕድሜውን ካምፓላ መሃል ምግብ ቤት ሲያስተዳድር የኖረ ሰው ነው፤ ተቀምጦ መዋል አያውቅም። ምግብ ቤቱን ለሌላ አስረክበን ሙቱንጎ ባለው ቤታችን መስኮት ሥር ወንበር አደረግንለት። ከዚያ ሆኖ ሐይቁን ያያል። ሰው ሐይቅ እያየ እስከ መቼ ይኖራል?

አንድ ጠዋት “ቤቱን እኔ ልጥረግ” አለኝ።

ሳቅኩ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ መጥረጊያ የት እንደሚቀመጥ እንኳ ጠይቆኝ የማያውቅ ሰው ነው። እሱ ግን አልሳቀም። “እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር የኔ ይሁን እንጂ” አለ፣ ድሮ ምግብ ቤት ውስጥ ሲከፋው በሚያወጣት ዝቅ ባለች ድምፅ። ሳቄን ዋጥኩት።

የዚህ አገር መጥረጊያ አጭር ነው፤ ካልጎነበሱ አይጠርግም። ሊሞክር ጎንበስ ሲል ግድግዳው ባይደግፈው ኖሮ በግንባሩ ይተከል ነበር። ባለ ረጅም እጀታ ገዛሁለት፤ መጥረጊያው ደግሞ ቀዩን አቧራ ከምንጣፉ እያስነሳ በሳል ይደፋው ጀመር። በመጨረሻ አቧራ መምጠጫ ቫኪዩም ለመግዛት ቆረጥኩና ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ተፈናጥጬ ኦዊኖ ገበያ አካባቢ ወዳሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ወረድኩ።

“ኒያቦ፣ ይሄ ድንጋይ ይውጣል!” አለኝ ሻጩ፣ በቋንቋቸው ‘እመቤቴ’ ብሎኝ፣ በርሜል የሚያህለውን ማሽን እየደበደበ።

“እኔ ቤት ድንጋይ የለም፤ አቧራ ነው ያለው” አልኩት።

ቀኝ እጄን ወደ ኋላዬ አጥፌ ሁሉንም በግራዬ እያነሳሁ ሞከርኩ። በጎማ የሚጎተተው ማሽን ቱቦው እንደ እባብ እግር ላይ ይጠመጠማል፤ አንድ እግሩን ለሚጎትት ሰው አይሆንም። ገመድ አልባው ውብ ነበር፤ ዋጋውን ስሰማ ግን እንዳልሰብረው ፈርቼ ቀስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ሌላው ቀላል ነው ተብሎ ሞተሩ እላይ እጀታው ሥር ተሰክቷል፤ ትንሽ ስይዘው አንጓዬ ዛለ። አንዱ ቁልፉን ጣት ካልተጫነው ይጠፋል። አንዱ የአቧራ ዕቃው ካልተጠመዘዘ አይከፈትም፤ ለመጠምዘዝ ደግሞ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ስንት ነገር በሁለት እጅ እንደሚሠራ ያን ቀን ነው ያየሁት።

“ቀኝ እጅሽ ምን ሆነ?” አለኝ ሻጩ ታዝቦኝ።

“የኔስ ደህና ነው” አልኩ። ቀጣዩን በግራዬ አነሳሁ።

የመረጥኩት መደርደሪያው ጥግ የቆመውን ባለ ገመድ ቀጭን ዘንግ ነው። ሞተሩ ታች ስለሆነ ክብደቱን ወለሉ ይሸከምለታል። አንዴ ከተጫኑት ራሱን ችሎ ይሠራል፤ የአቧራ ዕቃው በአውራ ጣት ብቻ ይከፈታል። ዋጋውም እንደ አቅሜ ነው። “ኒያቦ፣ እሱ እኮ ደካማ ነው” አለኝ ሻጩ። “እኛም ደካሞች ነን” አልኩትና አስጠቀለልኩ።

ባለቤቴ ሲያየው “የልጅ መጫወቻ ነው እንዴ?” አለ። በማግስቱ ግን ከኔ ቀድሞ ተነሳ። ከመኝታ ቤቱ በር ጀምሮ እስከ በረንዳው ድረስ፣ እያረፈ፣ እንደገና እየተነሳ ጠረገ። እኔ ካለሁበት ሲደርስ ቀና ሳይል “እግርሽን አንሺ!” አለኝ። አነሳሁ። እንዲህ አዞኝ አያውቅም፤ እንዲህም ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሲጠርግ፣ ፍርፋሪ ሲያገኝ ሲነጫነጭ፣ የድሮው ሰውዬ ተመለሰልኝ።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አገር ቤት እንደለመድነው እዚህ ያለው ሐበሻ በሽተኛ ሊጠይቅ ይመጣል። አንድ እሑድ ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቶ ሳለ ባለቤቴ ተነስቶ ማሽኑን ሰካ። ሊያሳያቸው ፈልጎ ነው፤ ገብቶኛል። ገና አንድ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ሳይል፣ ድሮ ምግብ ቤታችን ውስጥ ወጥ ሠሪ የነበረው ጎልማሳ ብድግ አለ።

“እኔ እያለሁ ጋሼ? በፍጹም! በእግዜር፣ ይቀመጡ!”

ከእጁ ተቀበለው። አቅፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና ሳሎኑን በቅጽበት ጠርጎ ጨረሰው። ሰው ሁሉ መረቀው። ባለቤቴም “ተባረክ ልጄ” አለ፤ ሌላ ምን ይላል? ግራ እጁን ጉልበቱ ላይ አኑሮ እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ እጁን ሲመለከት ቆየ።

በማግስቱ ማሽኑን አልነካም። “እሑድ ሊጠይቁን የሚመጡት ልጆች ይጠርጉታል” አለ። ቆሎ ሆን ብዬ ምንጣፉ ላይ በተንኩ፤ “ነይ፣ እዚህ ፈሷል” ብሎ ጠራኝ። በሚቀጥለው እሑድ በር ላይ ቆሜ እንግዶቹን “እባካችሁ ማሽኑን ቢያነሳ ከእጁ አትቀበሉት” ብዬ ለመንኩ። ምን አተረፍኩ? “ታሞ እንኳ አላሳረፈችውም” ተብዬ ታማሁ። ቢያሙኝ ግድ የለኝም ነበር፣ ማሽኑን መልሶ ቢያነሳልኝ። አላነሳውም። ሥራው ክብር በሚሉት ነገር ተወሰደበት፤ በክብር የተወሰደ ነገር ደግሞ መልሱልኝ አይባልም። ዝናቡ ሳይገባ ሁለተኛው ስትሮክ መጣ፤ ከእሱ አልተነሳም።

ለቅሶው ላይ ቤቱ ሞላ። በሣልስቱ ፍራሹ ሲነሳ ምንጣፉ ከሰው ጫማ በተራገፈ ቀይ አፈር ተሸፍኗል። ጥግ የቆመውን ማሽን አውጥቼ ሰካሁት። የት እንደነበረ እንኳ ያላየሁት ያ ጎልማሳ፣ ዓይኑ በለቅሶ አብጦ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ።

“እኔ እያለሁ እትዬ? ይስጡኝ፣ እርስዎ ይረፉ።”

“አልሰጥም” አልኩት። ጮኼ መሆን አለበት፤ ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

ቀኝ እጄን ወደ ኋላዬ አጠፍኩ። ከመኝታ ቤቱ በር ጀምሬ በግራዬ ጠረግኩ፣ እያረፍኩ፣ እንደገና እየተነሳሁ። ለቀስተኞቹ የተቀመጡበት ስደርስ ቀና ሳልል “እግራችሁን አንሱ!” አልኳቸው።

ሁሉም አነሱ።